አውሮፕላን ፈርቶ ሚኒባስ ውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው

መክፈቻ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ደህና ነኝ ወይም አደጋ ላይ ነኝ የሚለው ስሜታችን ከየት ነው የሚመጣው? ከአደጋው ከራሱ ነው ወይስ ስለ አደጋው ከምናስበው? እኔ ከሐሳባችን ነው እላለሁ። ሹፌሩን ካመንነው፣ ሰፈሩን ከለመድነው፣ ፊታችን ላይ ድቅን የሚል ክፉ ምስል ከሌለ ልባችን ያርፋል። አደጋው ግን የትም አልሄደም።

ማስረጃዬ ራሴ ነኝ። ድሮ አውሮፕላን ላይ ገና ከመቀመጤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነበርኩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ትኬት መቁረጥ ብቻውን ሆዴን ያገለባብጠዋል። በዚያው ሰሞን ግን በሚኒባስ ደሴ ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መሪ ይዞ ጠመዝማዛው ላይ አይሱዙ ሊቀድም ይወጣል። እኔስ? መስታወቱን ተደግፌ አንኮራፋለሁ። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ አጠገቤ የነበረች ልጅ ናት፤ ደብረ ሲና ለምሳ ስንወርድ እጇ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚህ 92 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ማለትም እኛ ጋ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን ሚኒባስ ውስጥ አላስፈራኝም፤ አውሮፕላን ውስጥም አላረጋጋኝም። እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?

ምላሾቹ

ይሄን መድረኩ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ የምላሾቹ ክር ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በየተራ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። ቃል በቃል እንዳልገለብጥ አንዳንዱ ርዝመቱ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስድቡ አይፈቅድም።

ምላሽ 1። ሐዋሳ የሚኖሩ ጡረተኛ የሥነ ልቦና መምህር ናቸው። እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው ጻፉ። እሳቸው እንደሚሉት አእምሯችን አደጋን አይቆጥርም፤ ትዝ የሚለውን ነው የሚቆጥረው። ቶሎ ትዝ የሚለን ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ይመስለናል። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፉበት ጉዳይ ነው። ፖል ስሎቪክ ደግሞ በ1987 ይሄን አስፋፍቶ አሳይቷል። ሰው አንድን ነገር የሚፈራው በገደለው ሰው ብዛት ሳይሆን ነገሩ በሚያሳድርበት ድንጋጤና በእንግድነቱ መጠን ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው፤ ዜናው ዓለምን ያዳርሳል፤ የተሳፈረውም ምንም ማድረግ አይችልም። መኪና ግን ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሦስት እያለ ስለሚለቅም ከሰፈሩ አልፎ አይሰማም። መምህሩ በመጨረሻ ጤንነቴን ጠይቀው፣ ደሴ ስሄድ ከሹፌሩ ኋላ እንድቀመጥ መከሩኝ።

ምላሽ 2። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይሄው ነው፤ ሌላ ምንም አልጻፈም። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ነገሩ መስመር ያዘ። ጸሐፊው በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራ ይመስላል። የማክስን ፍርሃት የሐሳብ ጨዋታ ማድረግ ስህተት ነው ባይ ነው። ከእኛ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። የሁለቱም ጣጣ አንድ ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ የሚመጣውን መረጃ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል፤ ሴንሰሩ ሲሳሳት አብራሪዎቹ ከገዛ አውሮፕላናቸው ጋር ይታገላሉ። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ሥርዓቱ መኖሩ እንኳ ለአብራሪዎች አልተነገረም ነበር። ከቢሾፍቱ በኋላ ዓለም በሙሉ ማክስን መሬት ላይ አቆመው። ስለዚህ በዚያ መጋቢት ማክስ አልሳፈርም ያለ ሰው ፈሪ ሳይሆን ትክክል ነበር። ችግሩ ፍርሃቱ ከዚያ አውሮፕላን ወደ ሁሉም አውሮፕላን መዛመቱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይሄ ነው አለ። እባቡ ግን እውነተኛ እንደነበር እንዳንረሳ አደራ ብሏል።

ምላሽ 4። ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ። ለምላሽ 3 ማስረጃ ላክልበት ብሎ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነገር አነሳ። ከመንትያ ሕንጻዎቹ ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካዊ አውሮፕላን ትቶ በመኪና መሄድ ጀመረ። ጌርድ ጊገረንዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቆይቶ ሲያሰላው፣ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ የተነሳ መንገድ ላይ የሞተው ተጨማሪ ሰው 1500 ገደማ ሆነ። እነዚህን ሰዎች ማንም አሸባሪ አልነካቸውም። ለመዳን ብለው መኪና ውስጥ ገብተው ነው የሞቱት። እኔ ይሄን ሳነብ ደሴን አሰብኩ። ዝም አልኩ።

ምላሽ 5። ይሄን በደንብ አንብቡት። ጸሐፊዋ ከጅዳ ለእረፍት ገብታ ነው። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አስተናጋጇ በየረድፉ እየዞረች የእያንዳንዱን ሰው ቀበቶ አየች። ሊያርፍ ሲልም እንደገና አየች። ሁሉም ሰው እንደ ተማሪ ታዞ አሰረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያው ተሳፋሪ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ቀበቶ የሚባል ነገር ትዝ ያለው የለም። ልጅቷ ትዝ አላትና ጎትታ አወጣችው። ማሰሪያው ግን የለም። ሹፌሩ ወንበሩን አዲስ ልብስ አልብሶታል፤ ማሰሪያው ከልብሱ ሥር ተቀብሯል። ጣቷን አስገብታ ስትቆፍር የሱፍ ቅርፊት፣ የጸጉር መርፌና የተጣጠፈ የአንድ ብር ኖት አገኘች። ማሰሪያው ጫፉ በጣቷ ሲነካ ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። ተቀየመ። እሱን አለማመኗ መሰለው፤ ቀስ ብሎ እንደሚነዳም በትሕትና አስረዳት። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ ያዛት። ቀበቶውን ለቀቀችው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ በመኪና አደጋ የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል፤ እሷም ይሄን ታውቃለች፤ ግን ከሞት ይልቅ የሰውየውን ፊት ፈራች።

በእኔ ግምት ክሩ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምላሽ የለም። ስለ ሐሳብና ስለ እምነት ስናወራ ይሉኝታን የረሳነው ይመስለኛል። ስንት ሰው ነው ሹፌሩን ቀስ በል ላለማለት ብሎ የሞተው?

ምላሽ 6። ሹፌር ነው፤ ቆጣ ብሏል። ምላሽ 5 ሹፌሩን ብቻ ወንጀለኛ አድርጋለች ባይ ነው። ተሳፋሪው ራሱ ፍጠን የሚል፣ ቢዘገይ የሚነጫነጭ ነው። ኋላ ቀበቶ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን በደንብ አልተረዳሁትም፤ ራሱን የሚከላከል መስሎኝ ነበር። የፊት ቀበቶውን ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ትከሻው ላይ ጣል እንደሚያደርገው፣ እንደማይቆልፈውም በገዛ እጁ ጻፈ። ፊት ለፊቱ የሰቀላት መቁጠሪያ ከቀበቶ እንደምትበልጥበትም ጨመረ። ተሳፋሪውም እሷን አይቶ ይረጋጋል ይላል። እዚህ ላይ እውነት አለው፤ እኔም መቁጠሪያ የሰቀለ ሹፌር ሳይ ልቤ ወለል ይላል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ምላሽ 7። መቁጠሪያ ሲነሳ ይሄ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ቀኑ ያልደረሰ ሰው ከገደል ቢወድቅ አይሞትም፤ ቀኑ የደረሰ ደግሞ አልጋው ላይም አይተርፍም። ሰው በፈጣሪ ከታመነ ስታትስቲክስ ምን ይሠራለታል የሚል ነው። በቁጣ አይደለም፤ በፍቅር ነው የጻፈው።

ምላሽ 8 እና 9። ሁለት ሰዎች ተከታትለው መለሱለት። የመጀመሪያው ዲያቆን ነኝ ይላል። ሰይጣን ጌታን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው፣ መላእክት ይይዙኛል ብሎ አለመዝለሉን አስታወሰ። አምላክን አትፈታተን የሚለው ቃል የመጣው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ከደሴ የጻፈች ሙስሊም እህት ናት። ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ የነገሩትን ሐዲስ ጠቀሰች። ከዚያም ከግመልና ከቀበቶ ለማሰር የሚቀለው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 7 ስቆ አሜን አለ። እንዲህ በሰላም ያለቀ የሃይማኖት ክርክር በዚህ መድረክ አይቼ አላውቅም።

ምላሽ 10። የድንገተኛ ክፍል ነርስ። በሌሊት ተራዋ ልባቸው ሊፈነዳ የደረሰ፣ ጣታቸው የደነዘዘ፣ አየር ያጠራቸው ሰዎች እየተደገፉ ይመጣሉ። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሳል፤ ልባቸው ንጹህ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ የልብ ምት ነው። ሰውየው ምቱን ይሰማና ልቤ ሊቆም ነው ብሎ ያስባል። ይደነግጣል። ሲደነግጥ ልቡ ይበልጥ ይመታል። ያ ደግሞ ለፍርሃቱ ማስረጃ ይሆነዋል። እንዲህ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ያለ ውሃ ላስቲክ፣ ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም። ሳይሞት በተመለሰ ቁጥር ያዳነኝ ውሃው ነው ብሎ ያምናል። ውሃውን አንድ ቀን ትቶ ወጥቶ ምንም እንደማይሆን ካላየ እምነቱ አይነቀልም። ለእኔ ያቀረበችው ጥያቄ አጭር ነበር፦ አውሮፕላን ላይ ምን ትይዛለህ? የወንበሩን ክንድ ነው የምይዘው። ግጥም አድርጌ። አውሮፕላኑን አየር ላይ ያቆምኩት እኔ ይመስል።

ምላሽ 11። እዚህ ላይ ጨዋታው ቆመ። ጸሐፊዋ ገርጂ አካባቢ የምትሠራ ሴት ናት። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ፍርሃትን መምረጥ የሚችል ሰው ወሬ ነው አለች። እሷ ማታ ከታክሲ ወርዳ ቤቷ እስክትደርስ ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ቁልፏን በጣቶቿ መሃል ይዛ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ደቅና፣ በሌለ መስመር ወንድሟን በሩ ላይ እንዲጠብቃት እያዘዘች ነው የምትሄደው። ይሄ ሐሳብ አይደለም፤ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቀይራው ታድር ነበር።

ምላሽ 12። አንድ ወንድም ቸኩሎ መለሰ። በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ይበልጥ የሚፈሩት ሴቶችና አረጋውያን ናቸው፤ መንገድ ላይ ይበልጥ የሚደበደቡትና የሚዘረፉት ግን ወጣት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ የሴቶች ፍርሃት የተጋነነ ነው ብሎ ደመደመ። ጥናቶቹ ያሉትን በትክክል ነው የጠቀሰው። ድምዳሜው ግን ቀጥሎ ዋጋ አስከፈለው።

ምላሽ 13። ምላሽ 11 ተመለሰች፤ አሁን ስለት ናት። ቁጥሩ ውስጥ የሌለችው መንገዱ ላይ ስለሌለች ነው አለች። የማታ ትምህርቷን አቋርጣለች። ዝናብ ሲሆንና ታክሲ ሲጠፋ የቀን ምሳዋን የሚያህል ብር ለኮንትራት ትከፍላለች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ራት አትበላም። ይሄ ሁሉ ተከፍሎ ነው አልተደበደበችም ተብሎ የተመዘገበው። ደግሞስ እሷ የምትፈራው ስልኳን ነው እንዴ? ወንዱ ስልኩን ሰጥቶ ይገላገላል። በየቀኑ የሚደርስባትን ለከፋ ደግሞ ማን መዝግቦት ያውቃል? ምላሽ 12 በእህቱ ስም እንዲያስብበት ጠይቃ፣ እህት ከሌለውም አያስፈልግም፣ እንደ ሰው ያስብበት ብላ ዘጋችው።

ምላሽ 14 እስከ 16። ስድብ። አንዱን የመድረኩ ተቆጣጣሪ አጥፍቶታል፤ የቀሩትም ቢጠፉ ማንም አይጎዳም።

ምላሽ 17። ስም የለውም፤ ብዙ ጊዜ የማይጽፍ ሰው ነው። ከምላሽ 13 ተነስቶ ጎረቤቱ የደረሰበትን አወጋ። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ማጅራት መቺ ደረሰበት፤ ስልኩም ቦርሳውም ሄደ፤ አንገቱ ታሽጎ ቤት ዋለ። ሰፈርተኛው ሁሉ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው ገባ። ገና እግዜር ይማርህ ተብሎ ሳያልቅ ምርመራው ይጀመራል። በስንት ሰዓት ነበር? በዚያ በኩል ምን አስኬደህ? ስልክህን አውጥተህ ነበር? ሞቅ ብሎህ ነበር እንዴ? አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ያው ጥያቄ ይደገማል። በሽተኛው መጀመሪያ በደንብ ያስረዳ ነበር። በኋላ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጸሐፊው እንደሚለው ጥያቄዎቹ ለታመመው ሰው አልነበሩም፤ ለጠያቂዎቹ ነበሩ። ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንድ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ከተገኘ፣ እኔ ያንን ስለማላደርግ አይደርስብኝም ብሎ ደህና ሆኖ ቤቱ ይገባል። ጥፋት ካልተገኘ ግን ነገ የእሱ ተራ ሊሆን ነው። ሜልቪን ለርነር የሚባል ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ይሄን በሙከራ አይቶታል። ተመልካቾች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትመታ የሚያዩ እንዲመስላቸው ተደረገ፤ በእውነት አልተመታችም ነበር። ሊያስቆሙላት የማይችሉ ሲሆን ሴትዮዋን ማጣጣል ጀመሩ። ዓለም ፍትሐዊ ናት የሚለውን እምነታቸውን ለማዳን ብለው የተጎዳችውን ሰው ሠዉ። ሴት ልጅ ስትደፈር በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ ወጣች የሚለው የእኛ ጥያቄም ከዚሁ ጓዳ የሚወጣ ነው ብሎ ጨረሰ።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሕመምተኛ ጥየቃ ስሄድ አፌን እይዛለሁ። ምላሽ 12 ግን እዚህ ላይ ላይክ አድርጓል፤ ልብ ይሏል።

ምላሽ 18። ከዱባይ፣ አጭር። እዚያ ካፌ ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቡና ሊያዝ ይሄዳል። መገናኛ ሲወርድ ቦርሳውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ያቅፋል። አስቸጋሪው ነገር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው፤ ሁለቱ ሰውዬዎች ይምታቱበታል።

ምላሽ 19። ከአሽቀሎን፣ እስራኤል። እዚያ ያለው ወገናችን ብዙ ነው፤ የጻፈችውም የልጅ እናት ናት። የሮኬት ሳይረን ሲጮህ አሽቀሎን ውስጥ ሰው ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው 30 ሰከንድ ያህል ነው፤ ቴል አቪቭ ያለው 90 ያገኛል። ጋዛ አጠገብ ያለችው ስዴሮት 15 ናት። የደህንነት ስሜት እዚያ በሰከንድ ነው የሚለካው። ገላዋን ስትታጠብ ጸጉሯን ሳሙና የምትቀባው ልጁን የሚያነሳላት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ነገሩ ሲበርድ ደግሞ ሰውነቷ አልበረደም። ሞተር ሳይክል ማርሽ ቀይሮ ሲያጓራ፣ ጭንቅላቷ ሞተር እንደሆነ እያወቀ እግሯ ቀድሞ ይነሳል። አሮጌ ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩት እናቷ ግን የብረት በር ያለው የመጠለያ ክፍል የላቸውም። ሳይረኑ ሲጮህ ደረጃው ሥር ቆመው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከእሷ ይልቅ የሚረጋጉት እሳቸው ናቸው። እሷ ይሄን በቅናት ነው የጻፈችው። ከምላሽ 1 መምህር ጋር እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ እሳቸው ሰውነት የተማረውን ለመርሳት ከጭንቅላት በላይ ጊዜ እንደሚፈልግ ነገሯት። እማማ ብለው ለእናቷም ሰላምታ ላኩ።

ምላሽ 20። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ውስጥ 959 ያህል መኪና በኃይል ተነጥቋል፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወረደ። የእሱ ፍርሃት ግን አልወረደም። ምክንያቱንም ራሱ ያውቀዋል። የሐበሻ ሹፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ በየማታው የዘረፋ ቪዲዮ ይለጠፍበታል። አንዱ ቪዲዮ ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ተመልሶ ሲመጣ፣ መኪናው ያው መኪና፣ ጃኬቱም ያው ጃኬት እንደሆነ አይቶ ሳቀ። ቢሆንም ያንን ማታ ቶሎ ቤቱ ገባ። ከግሩፑ ግን አልወጣም፤ ቢወጣ ደግሞ ሳያውቀው አንድ ነገር እንዳይመጣበት ይፈራል። መጨረሻ ላይ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ከሆነበት ከአናኮስቲያ ሰፈር በኩል ጥሪ ሲመጣ እንደሚያልፈው፣ ኮፍያ የደፋ ወጣት ከሆነም እንደማያቆም ጻፈ።

ምላሽ 21። ለዚህ የተሰጠ፣ ከዲሲ ጎረቤት ከሲልቨር ስፕሪንግ። በጣም መራራ ነው። የጸሐፊው ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ኮፍያ ይደፋል፤ ጥቁር ነው። ሰው ሲያየው ቦርሳውን የሚያቅፈው፣ መንገድ የሚሻገረው የምላሽ 20ን ሐሳብ ይዞ ነው። የአንዱ ሰው የደህንነት ስሜት የሌላው ልጅ ጎዳና ላይ መቆም እንደሆነ ጻፈ። ምላሽ 20 የመለሰው ሌሊቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይቅርታ አላለም። ሁለት ጊዜ እንደተዘረፈና የሚያሳድጋቸው ልጆች እንዳሉት ብቻ ተናገረ። ሁለቱም አባቶች ናቸው። እኔ በመሃላቸው ልፈርድ አልችልም፤ ይሁንና ቪዲዮው በየማታው ባይላክ ኖሮ ይሄ ክርክር እንዲህ ይከር ነበር ብዬ አላምንም።

ምላሽ 22። ከስቶክሆልም፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል። ስዊድን መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ቀየረች። ሁሉም ሰው እልቂት ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አደጋው ቀነሰ። ሰው ስለፈራ ተጠነቀቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገዱ ተለመደ፤ አደጋውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ይሄን ያመጣው ትንሽ ፍርሃት ቢቀርልን አይከፋም ለማለት ነው።

ምላሽ 23። ሐረር ሳይነሳ እንዴት ይለቃል ብሎ አንድ የሐረር ልጅ ገባ። አዲስ አበቤ ጅብ ሲሰማ በር ይዘጋል። ሐረር ግን ጁገል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ዋራባ ኑዱል ይባላሉ። ሌሊት ጅቡ ገብቶ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፈዋል። ሽማግሌዎች ጅብ ጂኒን ይበላል ብለው ስለሚያምኑ መግባቱ ሰፈሩን ያጸዳል እንጂ አያስፈራም። በዓሹራ ቀን ደግሞ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይወጣለታል፤ አበላሉን አይተው መጪውን ዓመት ይገምታሉ። ያው ጅብ፣ ያው ጥርስ ነው። እዚያ ያለው ሰው ግን በሰላም ያድራል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለአንድ ቀን የጅብ ሆነ። አንዱ ከየካ ተራራ ሥር ስለሚሰማው ጩኸት፣ ሌላው አያቱ ጅብ ላይ ስለወረወሩት ድስት ጻፈ። ምላሽ 6 ሹፌሩ እንኳ ቁጣውን ረስቶ ከእንጦጦ ሲወርድ መብራቱ ላይ የገባች ጅብ ታሪክ ይዞ መጣ። እዘልለዋለሁ።

ምላሽ 29። የገርጂዋ ልጅ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰች፤ አልተቆጣችም። ስለ ጅብም፣ ስለ ግመልም፣ ስለ ስዊድንም ማንበቧን፣ ጥሩ ጊዜ ማሳለፏንም ተናገረች። ከዚያ ስለ መንገዷ አንድ ነገር ጨመረች። ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቷ አራት የመብራት ምሰሶ አለ። ሦስተኛው ላይ ያለው አምፖል ባለፈው ክረምት የበራ ሰሞን በሌለ መስመር ማውራቷን ትታ ነበር። ሳታስበው ነው የተወችው። አምፖሉ ሲቃጠል ወንድሟ ተመልሶ መስመር ላይ ገባ። ሐሳቧን እንድትቀይር የሚመክራት ሰው ካለ መጀመሪያ አምፖሉን ይቀይርላት።

ምላሽ 30 ጀሞ የጠፋበትን መብራት ጻፈ። ምላሽ 31 ኮተቤ። ምላሽ 32 ከአዳማ፣ ከትምህርት ቤት ጀርባ ያለውን መንገድ። ምላሽ 33 ጉዳዩ የሚመለከተው መብራት ኃይልን ነው አለ፤ ምላሽ 34 የለም፣ ወረዳው ነው ብሎ ተከራከረው። ምላሽ 12 ወረዳ ሄዶ ጠይቆ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። ሰኞ ዝግ ነበር፤ ማክሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። መልሱን ይዞ ሲመጣ ቁጥር ሰጥቼ እጨምረዋለሁ።